የቅድመ አያትን ፈለግ መከተል፦ ከእንጦጦ ሥር የኖረ አንድ ገበሬ እንደ ምሳሌ

መግቢያ

በቅዳሴ ጊዜ ካህኑ በእምነት ስላንቀላፉት አባቶችና እናቶች ሲጸልይ፣ ከእኛ መካከል ከአያቱ በላይ ያለውን ሰው በስሙ ጠርቶ በልቡ የሚያስብ ስንት ነው? ብዙዎቻችን የአባታችንንና የአያታችንን ስም ከራሳችን ስም ጋር ተሸክመን እንዞራለን፤ ከዚያ በላይ ያለው ግን ጭጋግ ይሆንብናል። ሆኖም ያ ጭጋግ የሸፈነው ሰው በአንድ ወቅት በሬ ጠምዶ ያረሰ፣ ልጅ ድሮ የመረቀ፣ በረሃብ ዘመን ለቤተሰቡ የቆመ ሰው ነው። እርሱ ባይተርፍ ኖሮ እኛም አንኖርም ነበር።

በዚህ ጽሑፍ በ19ኛው መቶ ዘመን በገጠር የኖረን አንድ ቅድመ አያት ሕይወት ከቤተሰብ ትዝታና ከመዛግብት እንዴት መከተል እንደሚቻል እናጠናለን። የምንወስደው ስፍራ ዛሬ የካ ክፍለ ከተማ የሚባለው አካባቢና ከበላዩ የተዘረጋው የእንጦጦ ተራራ ነው። ስፍራውን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የእርሻና የግጦሽ መሬት የነበረው አካባቢ ከተማ ሆኗል፤ መንደሮቹ ስማቸው ተለውጧል፤ ነገሩን የሚያውቁት ሽማግሌዎችና አሮጊቶችም አንድ በአንድ እያለፉ ነው። ‹‹በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል›› የሚለው የአበው ቃል ከመቼውም ይልቅ ዛሬ ይመለከተናል።

1. ትውልድን መቁጠር ከእምነታችን ጋር ምን ያገናኘዋል?

ቅዱስ ማቴዎስ ወንጌሉን የጀመረው በስም ዝርዝር ነው። ከአብርሃም እስከ ክርስቶስ ያለውን ትውልድ በአሥራ አራት፣ በአሥራ አራት ከፍሎ ሲቆጥር የከበሩትን ነገሥታት ብቻ አልመረጠም። ትዕማርን፣ ረዓብን፣ ሩትንና የኦርዮንን ሚስት ጨምሮ ጽፎአል። ከእነዚህ ሴቶች መካከል ባዕዳን አሉ፤ ታሪካቸው ለቤተሰብ ክብር የማይመች ነው ተብሎ ሊደበቅ የሚችልም አሉ። ወንጌላዊው ግን አልደበቀም። ከዚህ የምንማረው ጌታችን ሥጋ የለበሰው ከእውነተኛ ቤተሰብ እንጂ ከተቀባባ የዘር ሐረግ አለመሆኑን ነው።

በሌላ በኩል ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስና ለቲቶ በጻፋቸው መልእክታት መጨረሻ በሌለው የትውልድ ቆጠራ እንዳይጠመዱ አስጠንቅቋል። ይህም ተገቢ ማስጠንቀቂያ ነው። ትውልድን መቁጠር በሰው ላይ ለመኩራት፣ ባልንጀራን ለመናቅ ወይም ጠብ ለመጫር ከሆነ ከንቱ ነው። ዓላማው ማመስገን፣ ለሙታን መጸለይና እውነትን ማወቅ ሲሆን ግን መልካም ሥራ ነው። በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 44 ስመ ጥር አባቶች ከተወደሱ በኋላ መታሰቢያ ያልቀረላቸው ሰዎች መኖራቸው ተጠቅሷል። የእኛ ገበሬ ቅድመ አያት ከእነዚህ ከሁለተኞቹ ወገን ነው።

2. ጥናቱ ከቤት ይጀምራል

የሀገራችን የስም አጠራር ለዚህ ጥናት የመጀመሪያውን እርዳታ ይሰጠናል። በብዙ አገሮች አንድ የቤተሰብ ስም ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ፣ በእኛ ዘንድ ግን ሰው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ይጠራል። ስለዚህ የአንድ ሰው ሙሉ ስም በተጻፈበት ወረቀት ሁሉ ሦስት ትውልድ ተጽፎ እናገኛለን። የአያታችንን ሙሉ ስም የያዘ አንድ አሮጌ ወረቀት ካገኘን፣ የአያታችንን አያት ስም አገኘን ማለት ነው።

ችግሩ አንድ ሰው ብዙ ስም ያለው መሆኑ ነው። እናቱ ያወጣችለት የቤት ስም አለው፤ በጥምቀት የተሰጠው የክርስትና ስም አለው፤ ስመ ጥር ፈረሰኛ ከሆነ ደግሞ አፄ ምኒልክ ‹‹አባ ዳኘው›› እንደተባሉ ሁሉ በፈረስ ስሙ ይጠራል። በየካና በእንጦጦ ዙሪያ ይህ ይበልጥ ይወሳሰባል። የየካ ስም ራሱ ከቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች አንዱ ከሆነው ከኤካ እንደመጣ ይነገራል፤ ጉለሌም እንዲሁ የጎሳ ስም ነው። ስለዚህ በዚህ አካባቢ የኖረ አንድ ቅድመ አያት በቤቱ በኦሮምኛ ስም፣ በቤተ ክርስቲያን በግእዝ የክርስትና ስም፣ በባለሥልጣን ፊት ደግሞ በአማርኛ ስም ተጠርቶ ሊሆን ይችላል። ሦስት ሰዎች የመሰሉን አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። በተቃራኒውም አንድ የመሰለን ሁለት ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ።

አረጋውያንን ስንጠይቅ ልንጠብቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ዓመተ ምሕረት ከመጠየቅ ይልቅ ስፍራንና ሥራን እንጠይቅ፤ ‹‹እማማ፣ አያትዎ ውኃ የሚቀዱት ከየትኛው ወንዝ ነበር? ከብት የሚያሰማሩት የት ነበር? የተቀበሩት በየትኛው ደብር ነው?›› ማለት ‹‹መቼ ተወለዱ?›› ከማለት የበለጠ መልስ ያስገኛል። ሁለተኛ፣ የሚናገሩበትን ቋንቋ አንለውጥባቸው፤ በኦሮምኛ የሚያስታውሱትን በኦሮምኛ እንዲናገሩ እንተዋቸው። ሦስተኛ፣ በመካከል ገብተን አናርማቸው። አራተኛ፣ የተናገረውን ሰው ስም፣ ለሟቹ ያለውን ዝምድናና ቀኑን እንጻፍ፤ በስልክ ድምፅ መቅረጽ ከተቻለ መልካም ነው፤ ሲቀረጽ ግን ፈቃዳቸው ይጠየቅ። አምስተኛ፣ ሁለት እኅትማማቾች የተለያየ ነገር ቢናገሩ ሁለቱንም እንመዝግብ፤ የትኛው ትክክል እንደሆነ ኋላ ይታያል።

በተለይ ስለ እናቶች አጥብቀን እንጠይቅ። የወንዱን መስመር እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሽማግሌ የገዛ አያቱን እናት ስም ላያውቅ ይችላል። ይህን ያስተዋለ ቤተሰብ ግማሽ ታሪኩ እንደጎደለው ይረዳል።

3. ዘመንን ማስላት

ገበሬው ቅድመ አያት የተወለደበትን ቀን የሚናገር ወረቀት እምብዛም አይገኝም። ይሁን እንጂ ትዝታው በታወቁ ክንውኖች ላይ ተንጠልጥሎ ይቆያል። በእንጦጦና በየካ አካባቢ የሚከተሉት እንደ ምሰሶ ያገለግሉናል፦

— ንጉሥ ምኒልክ መቀመጫቸውን በእንጦጦ ያደረጉበት ጊዜ፣ ማለትም የ1870ዎቹ ዓመታት፤
— አዲስ አበባ የተቆረቆረችበት 1879 ዓ.ም.፤
— ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡበት ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም.፤
— ‹‹ክፉ ቀን›› የተባለው ታላቅ ረሃብ፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም.፤
— የዓድዋ ጦርነት፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፤
— ባሕር ዛፍ ወደ ሀገራችን የገባበት የ1880ዎቹ መጨረሻ፤
— የኅዳር በሽታ፣ 1911 ዓ.ም.፤
— የጣሊያን ወረራ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.።

ከእነዚህ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ያወረሰችን ትክክለኛ መለኪያ አለ፤ እርሱም የወንጌላውያን ዘመን ነው። ብዙ አሮጊቶች ዓመተ ምሕረቱን ባያውቁም ‹‹በዘመነ ሉቃስ ተወለደ›› ሊሉ ይችላሉ። ስሌቱ ቀላል ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምረን ለ4 እናካፍላለን፤ ቀሪው 1 ከሆነ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ዘመነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ዘመነ ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዘመነ ዮሐንስ ነው።

አሁን ምሳሌያችንን እንውሰድ። በ1958 ዓ.ም. ገደማ የተወለደ አንድ ምዕመን ስለ ቅድመ አያቱ ከቤተሰቡ ሦስት ነገር ሰማ እንበል፦ በዘመነ ሉቃስ መወለዱን፣ ከተማው ከእንጦጦ ወደ ፍል ውኃ ሲወርድ ጥጃ ይጠብቅ እንደነበርና በክፉ ቀን አባቱ እንደሞተበት። ለእያንዳንዱ ትውልድ ሠላሳ ዓመት ያህል ብንቆጥር አባቱ በ1928፣ አያቱ በ1898፣ ቅድመ አያቱ በ1868 አካባቢ ይወድቃሉ። በዚያ አካባቢ ያሉት የሉቃስ ዘመናት 1867፣ 1871 እና 1875 ዓ.ም. ናቸው። ከተማው በተቆረቆረበት በ1879 የ1867ቱ ልጅ 12 ዓመት ስለሚሆነው ከጥጃ ጠባቂነት አልፎ ከብት የሚያግድ ነው፤ የ1875ቱ ገና 4 ዓመቱ ነው። ጥጃ ለመጠበቅ የሚስማማው የ8 ዓመቱ ልጅ ነው። ስለዚህ ቅድመ አያቱ በ1871 ዓ.ም. ተወልዷል ብንል ከእውነት አንርቅም። ይህ ማረጋገጫ ሳይሆን ተቀራራቢ ግምት ነውና በማስታወሻችን ላይ ‹‹በግምት›› ብለን እንጻፈው።

4. የቁምስና መዛግብት

የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በመላ ሀገራችን በመንግሥት ሥርዓት የተጀመረው በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ለብዙ ካቶሊካውያን ቤተሰቦች የሚገኘው ዋነኛ የጽሑፍ ማስረጃ የቁምስና መዝገብ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ይህን ልማድ የያዘችው ከጥንት ነው። እ.ኤ.አ. በ1563 የትሬንቶ ጉባኤ ቆሞሳት የጋብቻ መዝገብ እንዲይዙ አዘዘ፤ እ.ኤ.አ. በ1614 የወጣው የሮማ ሥርዓተ ምሥጢራት መጽሐፍም የጥምቀትን፣ የሜሮንን፣ የጋብቻን፣ የምዕመናንን ቆጠራና የሞትን መዝገብ ሥርዓት ወሰነ። በአውሮፓ ያሉ ተራ ገበሬዎች ዛሬ የቀድሞ አባቶቻቸውን እስከ ብዙ መቶ ዓመታት መቁጠር የቻሉት በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የታወጀው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት የቀኖና መጽሐፍም በቀኖና 296 እያንዳንዱ ቁምስና የጥምቀት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ እንዲኖረውና በቤተ መዛግብቱ እንዲጠበቅ ያዛል።

ታዲያ በምሳሌያችን ያለው የ1871ዱ ሕፃን በዚህ መዝገብ ይገኛልን? አይገኝም ማለት ይቻላል። ከካፑቺን ማኅበር የነበሩት ሚስዮናዊው ጳጳስ አቡነ ማስያስ እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ ሸዋ ገብተው፣ ፊንፊኔ ላይ ቢርቢርሳ በተባለው ስፍራ ለሚስዮን የሚሆን ቦታ ከንጉሥ ምኒልክ ተቀብለው ነበር። ሕዝቡም ፈንጣጣን ስለሚከትቡ ‹‹አባ ፈንጣጣ›› ይላቸው ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1879 በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ትእዛዝ ከሀገር እንዲወጡ ተደረገ። ያን ጊዜ የእኛ ሕፃን ገና በእናቱ ጀርባ ላይ ነበር። አባቶቹ ኦርቶዶክሳውያን ከነበሩ በአርባ ቀኑ በአቅራቢያው ባለ ደብር ተጠምቋል፤ በኦሮሞ ባህላዊ እምነት የሚኖሩ ከነበሩ ደግሞ ምናልባት በጎልማሳነቱ ተጠምቋል።

እዚህ ላይ ብዙዎች ተስፋ ይቆርጣሉ፤ ነገር ግን መቁረጥ አይገባም። የጥምቀት መዝገብ የተጠማቂውን ስም ብቻ ሳይሆን የወላጆቹንም ስም ይይዛል። በ1898 አካባቢ የተወለደው ልጁ በጎልማሳነቱ ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ከሆነ፣ በዚያ መስመር ላይ አባቱና እናቱ ይጻፋሉ። በዚህ ዓይነት የ20ኛው መቶ ዘመን መዝገብ የ19ኛውን መቶ ዘመን ሰው ያሳየናል። ከሁሉ በላይ በቃል ትውልድ ቆጠራ የጠፋው የቅድመ አያት ሚስት ስም በዚህ ሊገኝ ይችላል። የጋብቻ መዝገብም የሁለቱን ተጋቢዎች ወላጆች፣ የሞት መዝገብ ደግሞ ዕድሜን ሊነግረን ይችላል። በሞት መዝገብ ላይ ‹‹ዕድሜ 80›› የሚል ስናገኝ ግን በጥንቃቄ እንየው፤ ዕድሜ በግምት ሲነገር ወደ 60፣ 70፣ 80 ይጠጋጋል።

የክርስትና አባትንና እናትን ስምም አንለፈው። የክርስትና አባት ብዙውን ጊዜ የቅርብ ጎረቤት፣ ዘመድ ወይም የሥራ ጓደኛ ነውና ቤተሰቡ ከማን ጋር ይኖር እንደነበር ያመለክታል።

አሮጌ መዛግብትን ስናነብ ሁለት እንቅፋቶች ይገጥሙናል። የመጀመሪያው ቋንቋው ነው። አንዳንዶቹ በላቲን የተጻፉ ናቸው፤ ‹‹ናቱስ›› ተወለደ፣ ‹‹ባፕቲዛቱስ›› ተጠመቀ፣ ‹‹ፓትሪኑስ›› የክርስትና አባት ማለት ነው። በላቲን ፊደል ‹‹ጠ›› ከ‹‹ተ››፣ ‹‹ቀ›› ከ‹‹ከ››፣ ‹‹ጸ›› ከ‹‹ሰ›› ስለማይለዩ አንዱ ስም ሌላ መስሎ ይታያል፤ ስለዚህ ስሙን ድምፁን እያሰማን እናንብበው። ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። ሚስዮናውያን በአውሮፓ አቆጣጠር ሲጽፉ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ድረስ ስምንት ዓመት መቀነስ ይኖርብናል። ይህን ያልተጠነቀቀ ሰው ታናሹን ታላቅ ሊያደርገው ይችላል።

መዝገቡን ማየት የሚቻለው በቆሞሱ ፈቃድ ነው። በመዝገቡ ውስጥ በሕይወት ያሉ ሰዎች ምሥጢርም አለና ‹‹የአያቴን ስም ልፈልግ›› ብሎ የጎረቤትን ገጽ መግለጥ አይገባም።

5. የመሬት፣ የብራናና የመንግሥት ጽሑፎች

የገበሬ ሕይወት ከመሬት ጋር የተያያዘ በመሆኑ የመሬት ወረቀት ስለ እርሱ ይናገራል። በምኒልክ ዘመን መሬት በቀላድ እየተለካ፣ 40 ሄክታር ያህል በሆነው በጋሻ እየተቆጠረ፣ ለባለሥልጣናት፣ ለወታደሮችና ለአብያተ ክርስቲያናት ይሰጥ ነበር። ቅድመ አያታችን ባላባት፣ ባለ ማደሪያ፣ በሰሞን መሬት ላይ የተቀመጠ ወይም ለሌላ ሰው የሚገብር ጭሰኛ ሊሆን ይችላል። ቤተሰቡ የሚጠቀምበትን ቃል በጥንቃቄ እንስማ፤ ‹‹የእኛ መሬት ነበር›› እና ‹‹እዚያ እናርስ ነበር›› አንድ አይደሉም።

በ1900 ዓ.ም. የአዲስ አበባን የከተማ ቦታ የሚመለከት ደንብ ወጥቶ ቦታ መመዝገብ ተጀመረ። ከወረራው በኋላ በ1934 እና በ1937 ዓ.ም. የወጡት አዋጆች የገጠሩን መሬት ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብለው ከፍለው ግብር ወሰኑበት። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የተሰጡ የግብር ደረሰኞች በብዙ ቤት ሣጥን ውስጥ ይገኛሉ። አንዳንድ ጊዜ ባለ ርስቱ ከሞተ በኋላ እንኳ ልጆቹ በእርሱ ስም ይገብሩ ስለነበር፣ በ1950ዎቹ የተቆረጠ ደረሰኝ በ19ኛው መቶ ዘመን የተወለደን ሰው ስም ይዞ ሊገኝ ይችላል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትና የከተማ ቦታ በአዋጅ የመንግሥት ከሆነ በኋላ ብዙዎች እነዚህን ወረቀቶች ዋጋ የላቸውም ብለው ጥለዋል። ለቤተሰብ ታሪክ ግን ዋጋቸው አልቀነሰም።

የስፍራ ስም መለዋወጡንም እናስተውል። አንድ መንደር በጭቃ ሹም ስም፣ ከ1967 በኋላ በቀበሌና በከፍተኛ፣ ከ1995 ጀምሮ በክፍለ ከተማ ተጠርቷል፤ በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ሲመሠረት ደግሞ ቀድሞ በየካ ሥር የነበሩ ሠፈሮች ወደዚያ ተዛውረዋል። ስለዚህ በሰነድ ስንፈልግ የአስተዳደሩን ስም ብቻ ሳይሆን የማይለወጡትን ምልክቶች እንያዝ፤ የቀበናን ወንዝ፣ በየካ ተራራ ላይ ያለውን ዋሻ ሚካኤል፣ የእንጦጦን አብያተ ክርስቲያናት፣ የለጋሲዮኖቹን ግቢ።

የብራና መጻሕፍትም አሉን። ጸሐፍትና ካህናት በመጽሐፉ ሕዳግና በመጨረሻው ባዶ ቅጠል ላይ የመሬት ስጦታን፣ ውርስን፣ ሽያጭንና የምስክሮችን ስም ይጽፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ ከ8,000 በላይ መጻሕፍትን ፎቶግራፍ አንሥቷል፤ የዚህም ቅጂ በአሜሪካ ሚኒሶታ በቤኔዲክታውያን መነኮሳት ገዳም በሚገኘው ቤተ መጻሕፍት ተጠብቋል። በአዲስ አበባ በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተው ወመዘክርና በስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ለተመራማሪ በራቸው ክፍት ነው። ስለ ዘመኑ ኑሮ ደግሞ አቡነ ማስያስ ከተመለሱ በኋላ በጣሊያንኛ ያሳተሙት ባለ 12 ቅጽ የሚስዮን ትዝታ ብዙ ይነግረናል።

6. የአንድ ሰው ሕይወት ሲገጣጠም

እስካሁን የሰበሰብነውን በምሳሌያችን ሰው ላይ እናቀናጅ። በ1871 የተወለደው ልጅ ጥጃ በሚጠብቅበት ዕድሜ ከተራራው ግርጌ አዲስ ከተማ ሲቆረቆር አየ። የእንጦጦ ጽድና ወይራ ለቤትና ለማገዶ ሲቆረጥ፣ ጫካው ዓመት በዓመት ወደ ላይ ሲሸሽ ተመለከተ። በ1880 ዓ.ም. አካባቢ በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ ሸዋ ሲደርስ የአባቱ በሬዎች አለቁ። በሬ የሌለው ገበሬ ማረስ አይችልም፤ ዝናብ ሲጎድልና አንበጣና ተምች ሲጨመሩበት ረሃቡ ጠና። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ለሕዝቡ አርአያ ሆኑ ይባላል። በዚህ ጊዜ አባቱን ያጣው የአሥር ወይም የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከእናቱ ጋር ተረፈ። እንዴት እንደተረፉ መዝገብ አይነግረንም። ወደ ከተማው ቀርበው እንጨት በመሸጥ ወይም በባለጸጋ ቤት በማገልገል ሊሆን ይችላል፤ ከሽማግሌዎች የምንጠይቀው ትልቁ ጥያቄም ይህ ነው።

በዓድዋ ዘመቻ ጊዜ 17 ዓመቱ ነበር። ቤተሰቡ ‹‹ዘምቷል›› ካለ፣ በማን ጦር ሥር፣ ጠመንጃ ይዞ ወይስ ስንቅ ጭኖ ብለን እንጠይቅ፤ ስንቅ የጫነውም ዘማች ነው። ከዚያ በኋላ ባሕር ዛፍ መጣ፤ ራቁቱን የቀረው የእንጦጦ ተራራ እንደገና አረንጓዴ ለበሰ። እንጨት እጦት ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም እስከ ማዛወር ሊያደርስ ነበርና፣ ይህ ዛፍ የገበሬውንም ኑሮ ለውጧል፤ ከጤፍና ከገብስ ሌላ የሚሸጥ እንጨት ሰጥቶታል። ዛሬም ከእንጦጦ የማገዶ ሸክም ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን ስናይ የዚያን ዘመን ታሪክ ቀጣይ ክፍል እያየን ነው። በኅዳር በሽታ ጊዜ 40 ዓመቱ፣ ጣሊያን ሲገባ 57 ዓመቱ ነበር። ልጁን በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ያደረሰው መንገድ በእነዚህ ዓመታት መካከል የሆነ ቦታ ይገኛል።

ሰውን በምስክሮች ቃል ከመረሳት ማዳን ለቤተ ክርስቲያናችን አዲስ አይደለም። ከጎጃም ገጠር፣ ከመርጡለ ማርያም አቅራቢያ የተገኙት ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል እ.ኤ.አ. በ1855 በእስር ላይ ሳሉ ዐረፉ። እ.ኤ.አ. በ1926 ብፁዕ ተብለው ሲታወጁ ሕይወታቸው የታወቀው የሚያውቋቸው ሰዎች ያዩትን ስለተናገሩና ሌሎችም ስለጻፉት ነው። ምስክር ባይናገር፣ የሰማም ባይጽፍ ኖሮ ያ ሕይወት ከእኛ በተሰወረ ነበር።

7. የሚከብድ እውነት ስናገኝ

ጥናቱ ሁልጊዜ ደስ የሚያሰኝ ነገር አያመጣም። ባላባት መስሎን የኖረው ቅድመ አያት ጭሰኛ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ሸክላ ሠሪ፣ ቀጥቃጭ ወይም ሸማኔ በመሆኑ በዘመኑ የተናቀ ሊሆን ይችላል። ከሩቅ አገር በባርነት የመጣች ቅድመ አያትም ልትኖረን ትችላለች። በሀገራችን ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነውና ይህ የሩቅ ዘመን ነገር አይደለም። ብዙ ቤተሰብ ይህን ለመሸፈን ሲል የአንዲት እናትን ስም ከትውልዱ ቆጠራ አውጥቷል።

በዚህ ጊዜ የማቴዎስን ወንጌል የመጀመሪያ ምዕራፍ እናስታውስ። በጉልበት ተይዛ የመጣች፣ ስሟ የተለወጠባት፣ ልጅ ወልዳ ያሳደገች ሴት የቤተሰቡ ኀፍረት አይደለችም፤ ኀፍረቱ የሸጣትና የገዛት ነው። ስሟን በሐረጉ ላይ መመለስ የፍትሕ ሥራ ነው። እንዲሁም ጥናቱ በአንድ ቤት ውስጥ የኦሮሞ፣ የአማራ፣ የጉራጌና የሌላም ደም እንደተቀላቀለ ሲያሳየን እንደ ስጦታ እንቀበለው። በዚህ ዘመን ዘር ለመለያየት ሲጠራ የሚሰማ ሰው፣ የገዛ አያቶቹን በትክክል ከቆጠረ ብዙ ጊዜ አፉን ይዘጋል።

ሆኖም እውነትን መፈለግ ሰውን ማዋረድ እንዳይሆን እንጠንቀቅ። አንዲት አሮጊት መናገር ያልፈለጉትን አናስገድዳቸው። በሕይወት ያለን ሰው የሚጎዳ ነገር ካገኘን በአደባባይ አንግለጠው።

8. በቁምስናችን ምን እናድርግ?

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የሚከተለውን እናቀርባለን። ተማሪዎች እያንዳንዳቸው በአንድ ሉክ ወረቀት ላይ ራሳቸውን፣ ሁለት ወላጆቻቸውን፣ አራት አያቶቻቸውንና ስምንት ቅድመ አያቶቻቸውን የሚጽፉበት ሠንጠረዥ ያዘጋጁ። ያልታወቀው ባዶ ይተው፤ በግምት የተገኘው ‹‹በግምት›› ይባል። ከዚያ በየቤታቸው አረጋውያንን ጠይቀው ይሙሉት። ይህ ሠንጠረዥ ለጋብቻ ዝግጅትም ይጠቅማል፤ የምሥራቅ ቀኖና በቀኖና 808 በጎን የሥጋ ዝምድና እስከ አራተኛው ደረጃ፣ ማለትም እስከ አጎትና አክስት ልጆች ድረስ ጋብቻን ይከለክላል፤ የሀገራችን ልማድ ደግሞ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል።

ለቁምስና ምክር ቤቶች ደግሞ አንድ አደራ አለን። አሮጌ መዛግብት ከሚያንጠባጥብ ጣሪያ፣ ከምስጥና ከአይጥ የራቁ ይሁኑ፤ ከወለል ከፍ ብለው ይቀመጡ፤ ገጻቸው በቆሞሱ ፈቃድ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ቅጂው በሀገረ ስብከቱ ቤት ይቀመጥ። አንድ መዝገብ ሲጠፋ የጠፋው ወረቀት ብቻ አይደለም፤ ሌላ መታሰቢያ የሌላቸው የብዙ መቶ ሰዎች ስም ነው።

በመጨረሻም የተገኘው ስም ወደ ጸሎት ይምጣ። በመጽሐፈ መቃብያን ካልእ ምዕራፍ 12 ይሁዳ መቃቢስ ስለ ሞቱት ወንድሞቹ መሥዋዕት እንዲቀርብ ማድረጉ ተጽፎአል። እኛም የቅድመ አያታችንን ስም ስናገኝ ለቆሞሳችን ሰጥተን መታሰቢያ ቅዳሴ እናስቀድስለት። ምናልባት ከተቀበረ ከሰማንያ ዓመት በኋላ ስሙ በመንበረ ታቦቱ ፊት ሲጠራ ያ የመጀመሪያው ይሆናል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ. ከአራቱ አያቶቻችሁ የየትኛው ታሪክ ከሁሉ ያነሰ ይታወቃል? ለምን?
ለ. በቤተሰባችሁ ስሟ ያልተጻፈ እናት አለችን? ማን ሊያስታውሳት ይችላል?
ሐ. ወንጌላዊው ማቴዎስ አራቱን ሴቶች በጌታችን የትውልድ ሐረግ ውስጥ መጥቀሱ ስለ ራሳችን ቤተሰብ ምን ያስተምረናል?
መ. በ1884 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በየትኛው ወንጌላዊ ዘመን ተወለደ? አስልታችሁ መልሱ።
ሠ. በቁምስናችሁ ያሉት አሮጌ መዛግብት በምን ሁኔታ ላይ ይገኛሉ? ለመጠበቃቸው ምን ልትረዱ ትችላላችሁ?